ሳይከሰስ የከረመው ጎረቤታችን

ወተት ውስጥ የሚፈላ ሄል በሸተተኝ ቁጥር ሀና ማርያም የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይተውን የነበሩት ጋሽ አብዲና ወተት በሄል የምታፈላው ሚስታቸው ሳህራ ከሞቃዲሾ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እሳቸው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የልብስ ስፌት መኪና እየጠገኑ ይውሉና፣ ሲመለሱ ለልጃቸው ለሆዳን ብስኩት ገዝተው፣ እኩያዋ ስለነበርኩ ለእኔም ያካፍሉኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ከተማው ውስጥ ፈንጂ ተያዘ ተብሎ በተወራ ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት ፖሊሶች መጥተው ሰርቪስ ቤቱን በረበሩና ጋሽ አብዲን ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ይዘዋቸው ሄዱ። «ለጥያቄ ነው፣ ለምሳ ይመለሳል» አለ አንዱ። ሳህራ ምሳውን ሠርታ ጠበቀች።

በጋውን ሙሉ እናቴና ሳህራ ምግብ ቋጥረው ወደ ጣቢያ ይመላለሱ ነበር፤ ሳህራን አማርኛው ስለሚያስቸግራት የምትናገረው እናቴ ነበረች፣ ትምህርት በሌለ ቀን እኔና ሆዳንም ተከትለናቸው ደጁ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰን እንውል ነበር።

«በምንድን ነው የተጠረጠረው?» አለች አንድ ቀን እናቴ።

«ምርመራ ላይ ነው» አለ ፖሊሱ።

«ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል?»

«ምርመራው ሲያልቅ። ለመሆኑ አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ጎረቤቱ ነኝ! ጥፋት ካለው ክሰሱት፣ ከሌለው ልቀቁት!»

ፖሊሱ መስኮቱን ዘጋው።

ክረምት ሲገባ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሏቸው፤ የት እንደሆነ ግን የሚነግራቸው ጠፋ። የሰፈሩ ሰውም «ሳያጠፋ አይያዝም» ማለት ጀመረ፣ አባቴ እንኳ ፈርቶ «ቤቱን ይልቀቁልን» ቢል፣ እናቴ «እኔም አብሬያቸው ነዋ የምወጣው!» ብላ አፉን አዘጋችው።

መስከረም ላይ ጋሽ አብዲ ከስተው፣ ጢማቸው ሸብቶ መጡ። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ «ሂድ» ብቻ ነው የተባሉት።

«ግን ምን አደረግህ አሉህ?» አለቻቸው እናቴ።

«እኔም እሱን ስጠይቅ ነው የከረምኩት፣ እትዬ አልማዝ።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ አልተመለሱም፤ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ብለው ይቆሙ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ዕቃቸውን ጭነው ከሰፈሩ ወጡ፣ ሆዳንም መኪናው ላይ ስትወጣ ዞራ አላየችኝም።

ዛሬ የእናቴን የያኔ ዕድሜ ደርሻለሁ። ልጅ ሳለሁ ትልልቆቹ ምክንያቱን እያወቁ የሚደብቁኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ልጄ ሰዎች መታሰራቸውን በዜና ሰምታ «እማ፣ ለምንድን ነው ያሰሯቸው?» ስትለኝ የምነግራት የለኝም፣ እሷም የደበቅኋት መስሏት ታኮርፈኛለች።