ሽቅብ የምትለግም መኪና

ዳንግላ ውስጥ መኪና ሲታመም የሚጠራው እንየው ነበር። ሙያውን ስለተማረ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ከዚያ በፊት ፈረስ ገሪ ነበር፤ እሱ የገራው ፈረስ አይለግምም ይባልለታል። አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ ግን ልቡ ተሰረቀ። ፈረሱን ሸጠ፣ መፍቻ ገዛ፣ «መካኒክ ነኝ» አለ። አለቀ!

ግራዝማች በዛብህ ከአንድ የአዲስ አበባ መኮንን የገዟት አሮጌ ጥቁር መኪና እጁ የገባችው እንዲህ ነው። አቤት መኪና! ወንበሯ ቆዳ፣ ከንፈሯ ኒኬል፣ ርዝመቷ ከቤት እስከ ደጅ። ጠባይዋስ? ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ክላክሷ በራሱ ይጮሃል። የኋላ በሯ ካልተረገጠ አይከፈትም። የዝናብ መጥረጊያዋ የሚሠራው ፀሐይ ሲወጣ ነው። እንየው ይህን ሁሉ «ዘር ያላት ስለሆነች ትቀብጣለች» እያለ ያልፈዋል።

አንዱን ግን ማለፍ አልቻለም። ትንሽ ከሄደች በኋላ ዳገት ሲመጣ ድርቅ ትላለች።

ያን ጊዜ እንየው ይወርድና ኮፈኗ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ካንዴላዋን ነቅሎ የፈረስ ጥርስ እንደሚያይ ገዢ ያገላብጠዋል። ጎማዎቿን «እሽ፣ እሽ፣ የኔ ልጅ» እያለ አንድ በአንድ ያሻል። በመጨረሻ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ ያሸታል። ሲከፈት ክዳኑ እፍፍፍ ይላል። ክዳኑን መልሶ ሲያስነሳት እህህ ብላ ትነሳለች። እንየውም ምስጋናውን ሁሉ ለእሽታው ይሰጣል።

«ጅማቷ ተሳስሮ ነበር» ይላል ለሚጠይቀው።

የድሮ የፈረስ ጓደኛው አስማረ አይለቀውም ነበር። «እንየው፣ ድርቆሽ ላምጣላት ወይስ ገብስ ትሻላለች?»

በጥር ወር የግራዝማች ልጅ ስሜነሽ ለጎረቤት ከተማ ለአዲስ ቅዳሙ ቢሻው ተዳረች። ግራዝማች «ልጄ የምትሄደው በመኪና ነው!» አሉ። ቢሻው ደግሞ የፈረሰኛ ልጅ ነውና «ፈረሴን ትቼ ሣጥን ውስጥ አልገባም» አለ። ሙሽሪት በመኪና፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በፈረስ ሆኑ። አስማረም ከአጃቢዎቹ ጋር መጣ፤ ኮርቻው ላይ ወፍራም ገመድ ጠቅልሏል።

«ገመዱ ለምንህ ነው?» አለው እንየው።

«ለመጎተቻ ነዋ! መቼም መቅረታችሁ አይቀርም።»

እንየው ገመዱን በጎሪጥ አየው። ይቺን መኪና በሰባት ቤት አገው ሕዝብ ፊት ፈረስ ከጎተታት፣ መካኒክ ተብሎ መኖር አበቃ።

ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ ለገመች። አሸ፣ አሸተተ፣ ተነሳች። ሁለተኛው ላይ ደገመች። ቢሻውና ሚዜዎቹ እየዘፈኑ አልፈዋቸው ሄዱ። ሦስተኛው ዳገት ላይም ስትደርቅ፣ ከኋላ የቀረው አስማረ ሳቁን እንኳ ሳይደብቅ ከፈረሱ ወረደና ገመዱን ይፈታ ጀመር።

«ቆይ! ቆይ አንድ ጊዜ!» እንየው በችኮላ ጎማውን ረስቶ በቀጥታ ክዳኑን ከፈተ። እፍፍፍ!

ከኋላ ወንበር፣ ከሻሹ ስር፣ ማልቀስ የሚገባት ሙሽራ ኪኪኪ ብላ ሳቀች። «ጋሼ እንየው፣ ሰሙን አያነሱትም?»

«የምን ሰም?»

«እማዬ የለጠፈችውን ነዋ! ቤንዚኑ እንዳይበን ብላ እንደ ጠጅ ጋን በሰም ትደፍነዋለች።»

ክዳኑን ገለበጠው። መሀሉ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ላይ ሰም ግጥም ብሏል። አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ እንዴት ይወርዳል? ለካ አልለገመችም፤ ታፍና ኖሯል፤ ያስነሳትም እሽታው ሳይሆን የክዳኑ መከፈት ነበር!

«አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎማ ሲያሹ ማየት ደስ ይለን ነበራ!»

እንየው ሰሙን በጥፍሩ ፈልቅቆ ጣለና ክዳኑን ገጥሞ መሪው ጋ ዘሎ ተቀመጠ። አስማረ ገመዱን እንደያዘ አቧራ ውስጥ ቀረ። መኪናዋ ዳገቱን ሽው አለችው! ሙሽራውንና ሚዜዎቹንም ግራ መታጠፊያው ላይ ክላክሷ እየጮኸ አለፈቻቸው።

ማንን እንዳለፉ እንየው ያሰበው አዲስ ቅዳም የሙሽራው ዳስ በር ላይ ሲቆም ነው። እልልታው ቀለጠ። ከሩቅ የመጡና ቢሻውን አይተውት የማያውቁ ሴቶች ወደ መኪናው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ከሙሽሪት ጋር ያለው ወንድ ፊቱ ዘይት የተለቀለቀ ሽማግሌ ነው።

«ወይኔ! ሙሽራው አርጅቷል!»

«ማርጀቱስ ይሁን፤ ከሰል ሲያከስል ነው እንዴ ያደረው?»

«እኔ እኮ መካኒኩ ነኝ!» ቢል ማን ይስማው! በሁለት ክንዱ አንስተው የሙሽራው ወንበር ላይ ከሙሽሪት ጎን ሰየሙት፤ አንዲቷም አፉን በጉርሻ ወተፈችለት። ስሜነሽ ሻሿን ነክሳ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

ቢሻው አስማረንና አጃቢዎቹን አስከትሎ፣ ፈረሱን ላብ አጥምቆት ደረሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ከወንበሬ ተነስ!»

እንየው ጉርሻውን እንደምንም ዋጠና ወደ አጃቢዎቹ ዞሮ፣ «እስቲ ንገሩልኝ» አለ። «መኪናዬን የጎተታት ፈረስ አለ?»