የመርፌ እሺታ

የልጅ ልጄ እጆች ቁልፍ ሲተክሉ ማየት ያረካል። ክሩን በምላሷ አርጥባ ባንድ ሙከራ ታስገባዋለች። ቀጭን ስለሆነች «መርፌ» እንላታለን። እነዚያው እጆች ግን አውቶቡስ ላይ ይርበደበዳሉ። «አሁን ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» የሚል ስጋት አንቆ ይይዛታል። ስለዚህ ወደምትሠራበት ስፌት ቤት የምወስዳት እኔ ነበርኩ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ታዘበችን። «እማማ፣ እርስዎንም ልቅጠር እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። ለመርፌ ግን ሳትስቅ፣ «ደንበኞች ቤት ብቻሽን ሄደሽ ልክ ካልወሰድሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለቻት።

መርፌ ጭንቀት የምታክም ሐኪም ዘንድ መመላለስ ጀመረች። ሕክምናው ንግግርና ልምምድ ነው። «ፍርሃትሽ ትወድቂያለሽ ይልሻል። እውነቱን መሆኑን ራስሽ ፈትኚው፤ አንድ ፌርማታ ብቻሽን ሂጂ» አለቻት ሐኪሟ።

«እሺ» አለች መርፌ። በእኛ ቤት ሐኪምን እምቢ ማለት ነውር ነው። ከዚያ እኔን አስከትላ ትሳፈራለች፤ ስትጠየቅ «ሄጃለሁ» ትላለች። ሐኪሟ አምናት ፌርማታ በጨመረች ቁጥር የልጅቷ እንቅልፍ ይቀንሳል፤ እህልም አልወርድ አላት።

አባቷ፣ «በወሬ የዳነ በሽተኛ እስቲ አሳዪኝ! ይቅርብሽ» አላት። ይህች ንግግር እልህ አስያዘቻት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «አልሠራሁትም» አለች። «አያቴ ሁልጊዜ አብራኝ ነበረች። አንድ ፌርማታ ለእኔ ብዙ ነው።»

ትቆጣታለች ብዬ ነበር። ሐኪሟ ግን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ «ታዲያ ከየት እንጀምር? አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

መርፌም መረጠች። «አውቶቡሱ ቆሞ ሳለ ልግባና ሳይነሳ ልውረድ።»

«ሹፌሩ ይሰድብሻል!» አልኩ።

«ይስደበኛ፣ እማዬ!»

ሹፌሩም አላሳፈረኝም፤ ሰደባት። እሷ ግን ደጋግማ ወጣች፣ ወረደች። ቀጥሎ የሚሞከረውን ራሷ እየመረጠች፣ ያቃታትንም ሳትደብቅ እየተናገረች ገፋችበት።

ዛሬ ልክ ልትወስድ ብቻዋን ተሳፈረች። በመስኮቱ ፊቷ አመድ መስሎ አየሁት። «ልምጣ?» አልኳት በእጄ። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። እስካሁን አልተመለሰችም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን የጨበጠች፣ ላብ ያጠመቃት ቀጭን ልጅ ካያችሁ፣ እባካችሁ «ምን ሆነሻል? ውረጂ» ብላችሁ አትክበቧት። ትንሽ ጠጋ በሉላትና መንገዷን ትጨርስ።