መንኮራኩሩ ላይ የተነገረው

አበልጄ ልጇን ለትዳር የጠየቀውን ሰው እንዳጣራላት የለመነችው እኔን ነበር። የልጅቷ የክርስትና አባት ነኝ፤ ጋዜጠኛ ስለሆንኩም ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። አገር ቤት ቢሆን የሰውየውን አያት የሚያውቅ አይጠፋም። ካርቱም ውስጥ ግን አንድ ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ሌላ የምትይዘው ነገር ብዙም የለም።

ሰውየው ፖርት ሱዳን የሚኖር የእኛው አገር ልጅ ነው። የላካቸው ሽማግሌዎች ጀብራ ሰፈር ወደሚገኘው የአበልጄ ቤት መጥተው «ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳል» አሉ። እዚያ ለሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። ወደብ ውስጥ እንደሚሠራና ጠብ እንደማያውቅ አረጋገጠልኝ። ክሬን ሲነዳ ግን አላየውም። የሰማሁትን ሳልጨምር ነገርኳት።

«እንግዲህ ራሴ አየዋለሁ» አለች። «ቃሉ ያልተጣራ ሰው ልጄን ይዞብኝ ያን ሁሉ መንገድ አይሄድም።»

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ስለሚመለስ፣ አበልጄ እሺታዋን ወይም እምቢታዋን የዚያኑ ዕለት ልትነግረው ቆርጣለች። የምንገናኝበትን ቦታ የመረጠችው ልጅቷ ናት፤ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት አጠገብ ያለው መናፈሻ። እዚያ ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚያወጣ ግዙፍ መንኮራኩር አለ። ምርጫዋ ገብቶኛል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ መንገድ ዳር ለብቻቸው ቢቀመጡ ጠያቂው ይበዛል። መንኮራኩሩ ላይ ግን ሁሉም ያያቸዋል፣ ማንም አይሰማቸውም።

«እኔ እዚያ ነገር ላይ? ሞቼ ነው!» አለች አበልጄ፤ ምንጣፏን ሣሩ ላይ አንጥፋ ተቀመጠች። «አንተ አብረህ ውጣ።»

«ያላ፣ ያላ!» እያለ አቻኮለን የመንኮራኩሩን በር የሚዘጋው ሠራተኛ። ልጅቷና ሰውየው ከእኔ ቀጥሎ ባለው መቀመጫ ገቡ። እኔ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ከፍ ስንል ወንዞቹ ታዩ፤ አንዱ ግራጫ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ከተገናኙም በኋላ ወዲያው አይደባለቁም፤ ጎን ለጎን ጥቂት ይሄዳሉ። ከማዶ ኦምዱርማን አቧራ ለብሳለች። ይህችን ከተማ ለብዙ ዓመታት በእግሬና በባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ዞሬ ጽፌባታለሁ፤ ከላይ ሳያት ግን የማውቀውን አንድም ሰፈር ቶሎ መለየት አልቻልኩም። ከሩቅ የሚያይ ሰው ብዙ ያያል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን የማይበትም መንገድ ይኸው ነበር።

ከወረድን በኋላ እነሱ ሻይ ሊገዙ ሄዱ። እኔ ወደ ምንጣፉ ተመለስኩ።

«እህ፣ ምን ተባባሉ?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ወጣህ?»

«ያየሁትን ልንገርሽ። እሱ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራ ነበር። እሷ ታዳምጠው ነበር። ቆይታ ሳቀች።»

«ዓይኑን ጨፈነ?» ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ከፍታ የሚፈራ ክሬን ነጂ! አላልኩህም? ውሸታም ነው።»

«ሲፈራ አይቻለሁ። ሲዋሽ አላየሁም።»

«አንተ ደግሞ! ቤትህ ሲቃጠል ብታይ፣ እሳት መሆኑን ላረጋግጥ ትላለህ።»

ሻዩን ይዘው መጡ። አበልጄ ብርጭቆውን ሳትቀበል ጠየቀችው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ክሬን ትነዳለህ?»

«አልነዳም፣ እማማ። መሬት ላይ ቆሜ ለነጂው በእጄ ምልክት የምሰጠው ነኝ። እኔ ‹ክሬን ላይ ነው የምሠራው› ብዬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ መሪውን አስጨበጡኝ።»

«ስትሰማስ ለምን ዝም አልክ?»

«እነሱን ለማረም አፈርኩ። ለእሷ ግን ፊት ለፊት ልነግራት ብዬ መጣሁ።»

«መሬት ወርደን ንገረኝ አልኩት» አለች ልጅቷ። «ወላሂ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ እምቢ አለ። መጀመሪያ አንቺ ለብቻሽ ስሚ አለኝ።»

«ወላሂ አትበዪ!» አለች እናቷ፤ ዓይኗን ግን ከሰውየው አልነቀለችም። «እስቲ ምልክቱን አሳየኝ።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። በእጁ አሳያት፦ አንሣ፣ ቀስ በል፣ አውርድ፣ ቁም።

«ነጂው አንተን ካላየስ?»

«ዕቃውን አያነሣም። እሱ ከላይ ሆኖ ሥሩን አያይም።»

አበልጄ ሻዩን ተቀበለች። አንድ ሁለቴ ፉት አለችና «ሽማግሌዎቹ ይመለሱ» አለች። «በዚያው በእኔ ቤት፣ ያሉትን ራሳቸው ያርሙ። ቀን የምንቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

ልጅቷ የእናቷን ትከሻ አቀፈች። ሰውየው ቁጭ አለና ግንባሩን ጠረገ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ እኔም ነበርኩ። አበልጄ የበሯ ደፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አንጋፋው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጃችን ክሬን ነጂ አይደለም፤ ምልክት ሰጪ ነው» አለ። እሷም እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «ግቡ» ብላ መንገዱን ለቀቀችላቸው።