ለዘጠኝ ሰው ሰባት ሳጥን

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የተሳሳትኩት አንድ መስመር ነው፤ ለማረምም ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ክረምቱን ላሊበላ በሚገኝ አንድ የእርዳታ ቢሮ ውስጥ የራሽን ካርድ አዘጋጅ ነበር። ካርዱ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ባዶ ሳጥን ይታተማል፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ በሳጥኖቹ ልክ ስንዴ ይሰፍራል። ካርዱን የማዘጋጅበት ኤክስኤስኤልቲ የሚባል የድሮ የኮምፒውተር ቋንቋ «ይህን ዘጠኝ ጊዜ ድገም» የሚባልበት ቀጥተኛ ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ ዘዴ ፈለግሁ፦ በየመንደሩ መዝገብ ላይ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ሳጥን እንዲያትም፣ የቤተሰቡ ቁጥር ሲሞላ እንዲያቆም አደረግሁት። በከተማው መዝገብ ሞከርኩት፤ ሠራ። አለቃዬ «ጎበዝ» አሉኝ፤ ያቺን ቃል ይዤ ሰነበትኩ።

ከገነተ ማርያም በላይ ያለችው መንደር ግን ሰባት ቤት ብቻ ነበራት። በአንደኛው ቤት አንድ ሽማግሌ የሟች ሴት ልጃቸውን ልጆች ጨምረው ዘጠኝ ሆነው ይኖሩ ነበር።

በእደላው ቀን ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ።

«ሰባት» አለ የመጋዘኑ ሠራተኛ የሽማግሌውን ካርድ አይቶ።

«ዘጠኝ ነን፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ ወረቀቱ ሰባት ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ እኛ ቤት አድሮ ያውቃል?»

ሰልፈኛው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «እንግዲህ ሁለቱን ኮምፒውተሩ ይቀልባቸዋል» አለ።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ሲመዘገቡ ተሳስተው ይሆናል» አልኩ። ሽማግሌው የሰባት ሰው ስንዴ በአህያ ጭነው ሄዱ።

ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩ፤ ዘጠኝ ይላል። ቤቶቹ ሰባት ላይ ስላለቁ ሳጥኖቹም ሰባት ላይ ቆመዋል። ትእዛዙ ራሱን መልሶ እየጠራ፣ በየጥሪው አንድ ሳጥን እያተመ ከቤተሰቡ ቁጥር አንድ እየቀነሰ፣ ዜሮ ሲደርስ እንዲያቆም አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ለአለቃዬ ግን አልነገርኩም። በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል ብዬ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው እደላ የመጣችው የሽማግሌው ምራት ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ዘጠኝ» አለ የመጋዘኑ ሠራተኛ።

«ስምንት በል። አባታችን አርፈዋል።»

ቀድሞም ያማቸው እንደነበር ተናገረች። ገበታ ሲቀርብ ግን «ጠግቤአለሁ» እያሉ ድርሻቸውን ለልጆቹ ይገፉ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አለቃዬ ባሉበት ነገርኳት። እሷ የጆንያዋን አፍ ማሰሯን ቀጠለች።

ዘጠነኛውን ሳጥን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ነሐሴ 14 ቀን ነበር።