በቆዳ የተሰፋው ቁልፍ

በአዝራር የሚነሳ መኪና የሠራው ሰው አክስት የለውም። ቢኖረው ኖሮ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀምጦ ምን እንደምታደርገው አስቀድሞ ያይ ነበር። የእኔ አክስት መኪናው በተገዛ በሳምንቱ ቁልፉን ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ዙሪያውን አሰፋችው። አዝራሮቹ ከቆዳው ሥር ሆነው ሲጫኗቸው ይሠራሉ፤ ነገሩ ግን አፍ የለውም። ጽሑፍ ተሸጉጦበት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሒርዝ፣ ክታብ ይመስላል።

«እንዳይቧጨር ነው» አለች።

በእሷ ቤት አዲስ ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ለብሷል፤ የሶፋው ላስቲክ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አልተነሳም፤ በበጋ ስትቀመጥበት ጭንህ ላይ ይጣበቃል። ዕቃው እንዳያረጅ እኛ እናረጃለን እያልኩ ስቀልድ ኖሬአለሁ። አክስቴ እየሰማች የምትሸፍነውን ትሸፍናለች።

መኪናው የእሷ ነው፤ የምነዳው እኔ ነኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ሹፌርነቴን እንደ ሥራ አልቆጥረውም። ዕድሜዋን ሁሉ ደሴ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ፣ ክሩን በጣቷ እያሸች ጥጡን ከናይለኑ ስትለይ ኖራ፣ በመጨረሻ ዓይኗ ደከመ። ሞራ ነው ተባለ፤ ከሞራው ሥር ሌላ ነገር አለ ተብሎም ወደ አዲስ አበባ ተላከች። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠዋት የግቢው ቧንቧ ፈነዳና «አልቀናኝም» ብላ ቀረች። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ ነገረኝ፤ ይህ ሁለተኛው ቀጠሮ ካለፈ የሚጠፋው ብርሃን ተመልሶ አይመጣም።

ለእሷ ስነግራት በእርጋታ ሰማችኝ።

«ኢስቲኻራ ሰግጃለሁ፤ አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥልኝ» አለች። «ኸይር ከሆነ መንገዱ ይቀናል። ከተሰናከለ ግን እቀራለሁ፤ እንዳትጨቀጭቀኝ።»

ግማሽ ዕድሜዬን ስለ ምልክትና ስለ ገድ ከንቱነት ሳነብና ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሳምንት ግን ደሴ ውስጥ ምልክት የሚፈራ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ነበርኩ። የቧንቧውን መዝጊያ በቀን ሁለቴ አየሁ። የጎረቤት ድመት እንኳ በፊታችን እንዳታልፍ በዓይኔ ስከተል ሰነበትኩ።

አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ የሚነሳው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ከዋዜማው ምንም እንዳይረሳ ብዬ ሻንጣዋን፣ የሐኪሙን ወረቀትና መታወቂያዋን መኪናው ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። ብልህ ሰው የሚሠራው ስህተት እንዲህ ያለ ነው። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ አዝራሩን ስጫን መኪናው ዝም አለ። ደጋግሜ ተጫንኩ። በቆዳው ላይ፣ በጥርሴ፣ ደረቴ ላይ አሙቄ ሞከርኩ። የቁልፉ ባትሪ ድንጋይ አልቋል። ሌላ መኪና እንዳልጠራ፣ ያለ መታወቂያ የሚያሳፍራት የለም፤ መታወቂያው ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

«አሁን መጣሁ» ብዬ በቤቱ መስኮት በኩል ለአክስቴ ተጣራሁና ባጃጅ ይዤ ወደ ሰኞ ገበያ፣ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወረድኩ።

ሰዓት ሠሪው ሽበታም ናቸው፤ መስታወት ሣጥናቸው ፊት ለፊት፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ከፍተው ድንጋዩን ይቀይሩልኛል?»

ቁልፉን ተቀብለው አገላበጡት። ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። ከዚያ መልሰው ዘረጉልኝ።

«ሒርዝ አልቀድም» አሉ።

«ሒርዝ አይደለም፤ የመኪና ቁልፍ ነው።»

«ሲሰፋ አጠገቡ ነበርክ?»

አልነበርኩም። አክስቴን ሳውቃት ደግሞ አንዲት አንቀጽ አስጽፋ ብትሸጉጥበት አይደንቀኝም። ያም ሆኖ «ወላሂ ቁልፍ ነው» አልኩ።

«መሐላህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው። ያሰፋው ሰው ይፍቀድ፤ ምላጩ ይኸው እጄ ላይ ነው።»

ሸሽቼው የመጣሁት ነገር ይህ ነበር። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ደወልኩላት፤ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ሆዴ፣ የት ጠፋህ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁልፉ ውስጥ ጽሑፍ አስገብተሽበታል?»

«የምን ጽሑፍ? እንዳይቧጨር ነው ያሰፋሁት አላልኩህም? መኪናው አልከፈት አለህ፤ አይደል?»

«ድንጋዩ አልቆ ነው።»

«በቃ። ነግሬህ ነበር» አለች።

የደነገጥኩት በቃሉ አይደለም። ድምጿ ውስጥ ሐዘን የለም፤ ዕፎይታ ነው ያለው። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ሴት በቧንቧም በቁልፍም ምልክት የምትፈልገው ስለምታምን ብቻ አይደለም፤ ዓይኗ ላይ የሚያርፈውን ስለት ፈርታለች። ይህን ያህል ዓመት ስከራከራት አንድ ቀን እንኳ «ፈርተሻል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው ስልኩን።»

ሰጠኋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናታችን። ሰዓት ሠሪ ነኝ። ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ለዓይኔ፣ አዲስ አበባ። አልቀናኝም እንጂ።»

«ማነው ያልቀናዎት ያለ?»

«መኪናው በሬ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚህ የበለጠ እንቅፋት አለ?»

«እንቅፋት ቢሆንማ የሚያልቀው ሐረጎ ቁልቁለት መሐል ነበር» አሉ። «በርዎ ላይ፣ ሰዓት ሠሪ በቅርብ እያለ፣ በጠዋት ማለቁ ራሱ ኸይር አይደለም? ይልቅ ይልበሱና ይጠብቁ።»

እንደ እውነቱ ከሆነ ያሉት ስህተት ነው። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ የቁልፉ ድንጋይ ቢያልቅ መኪናው ቁልቁለት ላይ አይቆምም። ይህን አውቅ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት፤ በሕይወቴ ካደረግኳቸው ክርክሮች የተሻለው ያኛው ያላደረግኩት ይመስለኛል።



«እስቲ ይክፈቱት» አለች አክስቴ በመጨረሻ። «ከሠራ እንግዲህ...»

ምላጩ ስፌቱን ተከትሎ ሄደ። ጽሑፍ አልነበረም። በፕላስቲኩ ጎን ግን ከመሰፋቱ በፊት ልብ ያላልኩት ቀጭን የብረት ቁልፍ ተሸጉጧል። ሳቡና አወጡት።

«በሩን በዚህ መክፈት ትችል ነበር» አሉ። «የምታነብ ሰው ትመስላለህ። ከመኪናው ጋር የመጣ መጽሐፍ አልነበረም?»

«ነበር። እሱም ከነላስቲኩ ተቀምጧል።»

የፕላስቲኩን ሁለት ገጽ በቢላ ሲፈለቅቁት ቢላው አንሸራተተና ጀርባውን ጫረው። ድንጋዩ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ እሳቸው ዘንድ ያለው ስፋቱ ልክ ሆኖ ውፍረቱ ያንሳል፤ ሲያስገቡት ይንቀጠቀጣል። ከመሳቢያቸው የማስቲካ ወረቀት አወጡ፤ ብልጭልጩን ከወረቀቱ ላጡ፤ አጥፈው አጥፈው ከድንጋዩ ሥር አነጠፉት። ዘግተው አዝራሩን ሲጫኑ የበርበሬ ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት ብልጭ አለች።

«ለኮምቦልቻ ይበቃል» አሉ።

ስመለስ አክስቴ ነጭ ሻሿን አስራ በረንዳው ላይ ቆማለች። አዝራሩን ተጫንኩ። የመኪናው አራቱም መብራቶች ጠቀሱን፤ የበሩ መቆለፊያ ቀጭ አለ። ያን ድምፅ የምወደውን ያህል የምወደው ሙዚቃ ያለ አይመስለኝም።

«ቀና?» አለች፤ መብራቱን በደንብ አላየችውም።

«ቀና» አልኩ፤ በአፌ ብዬው የማላውቀውን ቃል።

የደሴ ጭጋግ እስከ ሐረጎ ሸኘን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፤ ኮምቦልቻ ስንቃረብ ሙቀቱ መጣና ጋቢዋን አወለቀች። የተቀደደውን ቆዳ መንገዱን ሙሉ በእጇ ይዛው ነበር።

«ፈርተሻል?» አልኳት።

«እና አልፈራም?» አለች። «ዛሬ ገና ነው የጠየቅከኝ።»

በጊዜው ደረስን። ብቻዋን ተሳፈረች፤ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጇ ተቀበለቻት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ በር ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወጣች። ማንም ሳይመራት ወደ እኔ ቀጥ ብላ መጣች። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ ወሰደች፤ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ጀርባውን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ተቧጭሯል እኮ» አለች።

ያችን ጭረት እኔ እንኳ የማያት በብርሃን ካጋደልኩት ነው።

በማግስቱ ቁልፉን ራሴ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። በአንድ በኩል ብቻ ክፍት እንዲተውልኝ ነገርኩት። ድንጋዩ እስካሁን የማስቲካ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ እኔም አልነካውም።