በሁለት ጎርፍ መካከል ከእትዬ በለጡ ጋር

ልጅ ሳለሁ ከእትዬ በለጡ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ለእኔና ለእህቴ ከቅጣት የሚተናነስ አልነበረም። እትዬ በለጡ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አዳማ ገበያ ላይ ቅቤና ማር ይነግዱ ነበር። ባል አግብተው ፈትተዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ልጅ ሲንጫጫም አይወዱም። እቤታችን ሲመጡ ገና በሩ ላይ እንደቆሙ «እስቲ እነዚህን ልጆች ወደ ውጭ በሉልኝ፣ ራሴን ያዞሩኛል» ይሉ ነበር፤ እኛም ማንም ሳያዘን ሹልክ እንላለን። እኒህ ሴት አንድ ቀን ተረት ይነግሯችኋል ያለን ሰው ቢኖር ኖሮ በሳቅ በሞትን ነበር።

አባቴ የካሚዮን ነጂ ነበር። የጭነት መኪናን ያኔ ካሚዮን ነበር የምንለው። በዚያ ዘመን አዳማ ላይ ካሚዮን የሚነዳ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አባቴ ባቡሩ ከወደብ ያመጣውን ጨውና አቡጀዲ ከጣቢያው እየጫነ፣ በበጋ መሬቱ ሲደርቅ፣ ወደ ዝዋይ ይወስዳል። መንገድ ስል ዛሬ የምናውቀውን እንዳታስቡ። የከብት ዱካና የጎማ ፈለግ ተቀላቅሎ በግራር መሀል የሚጥመለመል አቧራ ነው። ካሚዮኑ የአንድ ነጋዴ እንጂ የአባቴ አልነበረም፤ ነገር ግን ሲያጥበው ላየ ሰው ፈረሱን የሚያባብል ባላባት ይመስል ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ሁዳዴ ጾም ውስጥ፣ አባቴ ጌታውን አስፈቅዶ መጣና «ዘንድሮ ሁላችሁንም ይዤ እሄዳለሁ። ዝዋይን አሳያችኋለሁ፤ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለን እንሰነብታለን» አለን። ጎረቤት ሳቀብን። ያኔ ሰው ልጆቹን ይዞ መንገድ የሚወጣው ለቅሶ ሲደርስበት፣ ጠበል ሲሄድ፣ አለዚያም አገር ሲለቅ ነው እንጂ፣ ውሃ ለማየት ብሎ ማን ይወጣል? እናቴ ግን በሶ በጠበጣችበት እጇ እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ከደስታ ነበር።

እኔ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆነኛል። እህቴ ትርንጎ ትከተለኛለች፤ ወንድሜ ታደሰ ገና አፉን እየፈታ ነው። ሁሉ ነገር ተጭኖ፣ እኛ የጨው ጆንያው ላይ ወጥተን፣ ካሚዮኑ ሊነሣ ሲል እትዬ በለጡ ባዶ የቅቤ ቅሎቻቸውን አንጠልጥለው መጡ።

«ዝዋይ በኩል ቅቤ ረክሷል ሲሉ ሰማሁ። እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። ለምን እንደምታለቅስ እሳቸውም አልጠፋቸውም፤ ነገር ግን ዘወር ብለው ሳያዩን ነጠላቸውን ሰብስበው ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ምሽት የሚረሳ አይደለም። አዋሽን ውሃው በሳሳበት መልካ ተሻግረን፣ አንድ ትልቅ ግራር ሥር አረፍን። አባቴ የጭነቱን ሸራ ፈትቶ በካሚዮኑ ጎን ድንኳን አድርጎ ወጠረልን፤ የግራር ፍልጥ እያነደደ፣ ፋኖሱን እየቀነሰ፣ ሐይቁ ውስጥ ስላሉት ጉማሬዎች አወራን። የግራሩ ጭስ ዓይን አያቃጥልም ነበር። እትዬ በለጡ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ።

በማግሥቱ አንድ ደረቅ ወንዝ ተሻገርን፤ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ታደሰ ወርዶ ሊጫወትበት ፈልጎ ስንከለክለው አልቅሷል። ወደ ከሰዓት ላይ በጉራጌ ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ላይ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ያ ሩቅ ተራራ ላይ ነው። ከፊታችን ያለው ሁለተኛው ወንዝ ጋ ስንደርስ ግን ውሃው ጭቃና ግንድ እያንከባለለ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል። አባቴ ቆሞ አየው። ከዚያ መሪውን አዙሮ ወደ ኋላ በረረ። ጠዋት የተሻገርነው አሸዋም የለም፤ እሱም ቀይ ጎርፍ ሆኗል።

«ጠዋት እኮ ደረቅ ነበር!» አለ አባቴ፤ ሰው የሰረቀው ነገር ያለ ይመስል።

በሁለቱ ጎርፎች መካከል ቀረን። ቀጥሎ ዝናቡ በእኛም ላይ መጣ። ምድሩ ጥቁር ጭቃ ሆነና ካሚዮኑ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ሞተሩን ባስነሣው ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። መንደር የለም፤ ጉብታ እንኳ የለም። በሁሉም አቅጣጫ ሜዳ፣ ግራርና ውሃ ነው። ሜዳው እንደዚያ ሰፊ ሆኖ ሳለ እንደ እስር ቤት መጥበቡ ያኔም ገርሞኝ ነበር።

ሸራው አንድ ብቻ ነው። አባቴ ዝናቡ ሲጀምር ፈጥኖ ጨዉን ሸፈነበትና ገመዱን አጠበቀ፤ እኛን ከጆንያው አውርዶ በር በሌለው ጋቢና ውስጥ ከእናቴ ጋር አጨቀን። ዝናቡ ከሁለት በኩል ይገባል። ታደሰ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እናቴ በጋቢዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፤ ጋቢው ግን ራሱ ይንጠባጠባል።

እትዬ በለጡ ከካሚዮኑ ወርደው ጭቃው ውስጥ ቆሙ። «ሸራውን ለልጆቹ አምጣ» አሉ።

«እትዬ፣ ጨዉስ? ጨዉ የሰው ነው። ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

«ጨው መሟሟት ልማዱ ነው። ይህ ልጅ ግን አንዴ ከበረደ ማን ያሞቀዋል?»

አባቴ ጆንያዎቹን ያያል፣ ታደሰን ያያል። እትዬ በለጡ ቢላዋቸውን ከመቀነታቸው አወጡና ገመዱን በጠሱት። ከዚያ ወዲያ አባቴ ራሱ እንደ እብድ ሆኖ የኋለኛውን ጆንያ ሁሉ እያነሣ ጭቃው ላይ ወረወረ። በተራቆተው ቦታ ሸራውን በእንጨት ደግፎ ጣራ ሠራ። ሁላችንም እዚያ ገባን። እግር መዘርጋት አይቻልም፤ ቀና ማለት አይቻልም። የእኔ ጉልበት እትዬ በለጡ ጎን ውስጥ ገብቷል። ማንም ማንንም ወደ ውጭ ሊል የማይችልበት ቦታ ነበር።

ስንት ቀን እንደቆየን አላውቅም፤ አባቴና እናቴም በቀኑ ብዛት እስኪሞቱ ድረስ አልተስማሙም። የማስታውሰው የራሰ ሸራ ሽታ ነው። አባቴ በቤንዚን ቆርቆሮ ውስጥ እሳት ያያዘልን ሲሆን፣ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ከሸራው ሥር መውጫ አጥቶ ሁላችንንም ያስለቅሰን ነበር። እናቴ ለራሷ እንድታለቅስ ምቹ ሆነላት። ፍሙ ላይ ትንሽ በሶ እናሞቃለን። ከቀኝም ከግራም ውሃው ያጓራል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ጅብ መጮህ ይጀምራል፤ ጎርፉ እሱንም ከእኛ ጋር እዚያው ዘግቶበት ነበር።

ጅቡ መጀመሪያ የጮኸ ዕለት ትርንጎ ከሸራው ሥር ወጥታ ልትሮጥ ተነሣች። ወዴት እንደምትሮጥ እሷም አታውቅም። እናቴ ታደሰን ይዛለች፤ አባቴ ውጭ ነው። እትዬ በለጡ ቀሚሷን ይዘው ቁጭ አደረጓት።

«ተቀመጪ፤ እሱም እንዳንቺ ጨንቆት ነው የሚጮኸው» አሏት።

«ጅብ ይጨንቀዋል?» አለች ትርንጎ።

እትዬ በለጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ተረት የሚጀመርበትን ወግ ሁሉ ትተው፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው እንዲህ አሉ፤ «አንድ ጅብ ነበር፤ ጎርፍ መጣና አንዲት ጉብታ ላይ ዘጋው። ዞር ሲል ሦስት ግልገሎችም እዚያችው ጉብታ ላይ ቆመዋል።»

ታደሰ እንኳ ከትኩሳቱ ውስጥ ዓይኑን ገለጠ።

ጅቡ ግልገሎቹን «አይዟችሁ፣ ዛሬ ጠግቤያለሁ» አላቸው። ውሸቱን ነው። ሆዱ ሲጮህ ግልገሎቹ ነጎድጓድ መሰላቸው። እትዬ በለጡ የጅቡን ሆድ ከደረታቸው ውስጥ ሲያጓሩት፣ በዚያ ጭስ መሀል፣ የፋኖሱ ብርሃን ፊታቸውን ከሥር ሲመታው፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በማግሥቱ ጅቡ ሊበላ ትንሹን ግልገል መረጠ፤ ትንሹ ግልገል ግን «አያ ጅቦ፣ እኔ እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ፤ ሳታውቀው ትበላኛለህ?» አለው። ጅቡ ስሙን ጠየቀ። ስም ከጠየቀ ዘንድ የእናቱን ስም ጠየቀ። ከዚያ የእናቱ በረት የት እንደሆነ። በወሬው መሽቶ ነጋ። እንዲህ እያለ ተረቱ ከቀን ወደ ቀን ተጎተተ፤ ዝናቡ በበረታ ቁጥር የእትዬ በለጡ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ውሃው ሲያጓራ እሳቸውም ጅቡን ያስጓሩታል።

አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ዝም ሲሉ እኔ ራሴን ረስቼ «አንቺ! ከዚያስ?» አልኩ። እናቴ በድንጋጤ ከንፈሯን ነከሰች። ያኔ ታላቅን አንቺ ማለት በጥፊ የሚያስመታ ነው። እትዬ በለጡ «ተያት፣ እዚህ ማን ይሰማናል» አሉና ቀጠሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቺ አልኳቸው።

አባቴ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ወንዙን ሊሞክር ወረደ። ገመዱን ግራር ላይ አጠነከረ። ውሃው አንሥቶ መታው። ገመዱ ባይኖር ይወስደው ነበር። ጎኑ ተልጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ተመለሰ። ያን ቀን ማንም አልበላም። የታደሰ ትኩሳት ጨምሯል፤ እጁ ሲነካ ያቃጥላል፤ ጡት እንኳ አልቀበልም አለ። እናቴ አባቴን «ውሃ ልታሳየን ነበር፤ ይኸው አየን» አለችው። ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም ነበር። አባቴ ግንባሩን ጆንያው ላይ ደፋ።

ትርንጎ በዚያ ጸጥታ ውስጥ «እትዬ፣ ውሃው ሲጎድልስ ጅቡ በላቸው?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ በለጡ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ታደሰን ከእናቴ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ልጅ ሲያቅፉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አያያዙን አያውቁበትም፤ እንደ ቅል ነበር የያዙት።

«እንዴት ይብላቸው?» አሉ። «ስማቸውን አውቆ እንዴት ይብላቸው?»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ካሚዮኑ ተነቃነቀ። ሸራውን ገልጠን ስናይ ዙሪያችን ከብት ነው። ቀንዳቸው የረዘመ ላሞችና በሬዎች፣ አባቴ የወረወራቸውን ጆንያዎችና ከሥራቸው በሜዳው ላይ የተንጣለለውን ነጭ ጭቃ ይልሳሉ። አንዷ ላም የካሚዮኑን ሳንቃ በሸካራ ምላሷ ትልሳለች። ከከብቱ ኋላ ረጅም ዘንግ የያዘ ሽማግሌ ከሁለት ጎልማሶች ጋር መጣ፤ እኛን ሲያይ ደንግጦ ቆመ።

«ማል ታታኒ?» አለ፤ ምን ሆናችሁ ማለቱ ነው።

አባቴ በኦሮምኛ ሊመልስለት አፉን ከፈተና ማልቀስ ጀመረ። ሽማግሌው ኦቦ ገመዳ ይባሉ ነበር። ከብቱ ከታች ካለው ግጦሽ ጨዋችን ታጥቦ የወረደበትን አፈር እየላሰ እየላሰ ወደ ላይ ሲወጣ፣ መልሱት ቢሉት እምቢ ብሏቸው ተከትለው እንደመጡ ነገሩን። ከብታቸው ጨው ከቀመሰ ቆይቶ ነበር። እኛን ልጆቹን ጎልማሶቹ ትከሻቸው ላይ አወጡን። ውሃው በሜዳው ላይ ተበትኖ በሚሳሳበት በታች በኩል አሻግረው ከጎጇቸው አስገቡን። የኦቦ ገመዳ ባለቤት ትኩስ ወተት በጮጮ አቀረቡልን። እትዬ በለጡ ጾም ሽረው አያውቁም ነበር፤ ለታደሰ በማንኪያ እያሉ አጠጡት፤ እንቅልፍ ሲወስደው የቀረውን ራሳቸው ጠጡት። «ይህን ለአምላኬ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ፤ ጠያቂም አልነበረም።

ታደሰ ዳነ። ካሚዮኑን በሬዎች ጎትተው አወጡት። ዝዋይን ሳናይ ተመለስን። ነጋዴው ጨዉ መሟሟቱን ሲሰማ አባቴን አሰናበተው። አባቴ ከዚያ በኋላ ባቡር ጣቢያ ጭነት አውራጅ ሆኖ ኖረ፤ ካሚዮን ሲያልፍ ግን ቀና ብሎ አያይም ነበር። ስለዚያ ሸራ ግን አንድም ቀን ሲጸጸት አልሰማሁትም።

እትዬ በለጡ አዳማ እንደገባን ወደ ገበያቸው ተመለሱ። እኔም ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ተመለስኩ። ተረት ደግመው አልነገሩንም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅንም። ካደግሁ በኋላ፣ የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ገበያ ቆሜ «እትዬ፣ ያን ሁሉ ተረት ያውቁ ኖሮ ለምን ደብቀውን ኖሩ?» አልኳቸው። ቅቤውን እየጠፈጠፉ «አላውቅም ነበር» አሉ። «ያኔ መውጫ አልነበረኝም። እናንተ ስታዩኝ ወዴት ልሂድ?»

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ሰው በሰፊ ቤት፣ በደረቅ ቀን፣ ከሰው የሚሸሽበት በር አያጣም። እትዬ በለጡ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲሸሹን ኖረው፣ በሩ ሲዘጋባቸው የነበራቸውን ሁሉ ሰጡን። ፈርተው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጉልበቴ ጎናቸው ውስጥ ሆኖ ልባቸው ሲደልቅ ግን ያኔም ይሰማኝ ነበር።

በቀብራቸው ላይ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ካሚዮን አንድም ነገር የማያስታውሰው ታደሰ፣ ጎልማሳ ሆኖ፣ ክንዴን ደግፎ ከመቃብሩ ሲያርቀኝ በግርምት አየኝ።

«ይህን ያህል ትቀርቢያቸው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «አንድ ሰሞን።»