ቅጠሏ የተጣመመችው አበባ

ባለፈው ጥቅምት ቢቸና ሄጄ ነበር፤ ባሕር ዳር ሠላሳ ዓመት አብራኝ ያስተማረችው ጓደኛዬ የሺ ጡረታ ወጥታ ወደ አያቷ ቤት ስለተመለሰች ልጠይቃት። ሁለት ጎረቤቶቿም አብረውን ተቀምጠው ሳለ፣ ከቡፌው መስታወት ውስጥ አንድ የብር በራድ ከስድስት የብር ስኒዎች ጋር አውጥታ በትሪ አቀረበችልን። የበራዱን ሆድ ዙሪያውን የተቀረጸ አደይ አበባ ከቦታል።

«ላንቺ ብዬ ነው እንጂ ይኸ አይወጣም። አረብ አገር የተሠራ ነው፤ አያቴ ናቸው ያስመጡት» አለችኝ ሻዩን እየቀዳች።

አረብ አገር! በራዱን ወደ እኔ አዞርኩት። ከእጀታው ሥር ካለችው አበባ አንዷ ቅጠል እንደ ታጠፈ ጆሮ ተጣማ ቁጭ ብላለች። ያቺን ቅጠል ያጣመምኳት እኔ ነኝ፤ ሞጣ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአባቴ መዶሻ።

አባቴ ብር ሠሪ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከገበያው በታች ያለች፣ ግድግዳዋ ጥላሸት የጠጣ አንዲት ክፍል ነበረች፤ እናቴ ወናፉን ስትነፋ ከሰሉ ይፍለቀለቃል፣ የማርትሬዛው ብር ይቀልጣል፣ ብሩ የሚታጠብበት የሎሚ ሽታ እስከ መንገዱ ድረስ ይወጣል፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ ሽታ ቤቴ መድረሴን አውቃለሁ። መስከረም ሲጠባ አባቴ አደይ አበባ ቀጥፎ ፊቱ ያስቀምጥና፣ ነፋስ ሲነካት እንደ ፎቶግራፍ አንሺ «አትነቃነቂ እንጂ!» እያለ ይቆጣት ነበር። ለዚህ በራድ መከራውን ሲያይ ከርሞ፣ የመጨረሻዋን አበባ እኔ እንድመታ መቅረጫውን አስያዘኝ፤ እኔም ባለሙያ መስዬ ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኩበት። አልቅሼ ልሞት ስል ሳቀ። «ተያት፣ ይቺኛዋ ያንቺ ትሁን» አለኝ።

በራዱን ለማስረከብ ቢቸና ድረስ ይዞኝ ሄደ፤ እኔና በራዱ በቅሎ ላይ፣ እሱ በእግሩ። የየሺ አያት መሆናቸውን አሁን በራዱን ሳይ ያወቅኋቸው ሴትዮ አበቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፣ አደነቁ፣ ይዘው ገቡ። እኛ አጥሩ ሥር ቀረን። አባቴ ውኃ ሲለምን ገረዲቱ በቅል አመጣችለት፤ ጠጣ፣ እኔንም አጠጣኝ። ከዚያ ቅሉን ተቀብላ፣ ገና ከበራፉ ሳንርቅ፣ ድንጋይ ላይ አጋጨችው። ጠይብ ነዋ! ቡዳ ነዋ! እጁ የሠራውን በራድ ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ከንፈሩ የነካውን ቅል ሰበሩ። መንገድ ላይ ቀና ብዬ ሳየው፣ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» አለኝ። ይኸን ውሸቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ እሱን አይደለም፣ ያስዋሹትን።

ስለዚህ የሺ ፊት ዝም አላልኩም። «ይኸን የሠራው አባቴ ነው፣ ሞጣ ላይ» አልኩና ቅጠሏን አሳየኋቸው። የሺ «አትቀልጂ!» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አንደኛዋ ጎረቤት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ሁለተኛው ሻይ ሲቀዳ ለእነሱ በብሩ ስኒ ተቀዳላቸው፤ የእኔ ከልጇ ምረቃ በተረፈ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል በታተመበት የወረቀት ኩባያ መጣ። ተጠጥቶ የሚጣለው ማለት ነው። «ስኒው እጅ ያቃጥላል ብዬ ነው» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተናል እኮ! ያኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ እኔም፣ ያሳፍረኛል፣ አልነገርኳትም።

የአባቴ መሥሪያ ቤት ፈርሶ ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል፤ መዶሻውና ወናፉ የት እንደወደቁ የሚያውቅ የለም። ሲሠራ የኖረው ለሰው ስለነበረ እኛ ቤት አንድ ማንኪያ እንኳ ከእጁ ሥራ አልቀረም። ያቺ የተጣመመች ቅጠል ብቻ ነበረችኝ፤ እሷም የአረብ አገር ሆና ቡፌ ውስጥ ተቆልፎባታል።

የወረቀቱን ኩባያ አልነካሁትም። በራዱን ራሴ አንስቼ፣ ቅድም የጠጣሁበትን የብር ስኒ እስከ አፉ ሞላሁት፤ እያዩኝ፣ ቀስ ብዬ፣ እስኪያልቅ ጠጣሁና ትሪው ላይ ከሌሎቹ መካከል አስቀመጥኩት።

በሩ ድረስ የሸኘኝ የለም። ከአጥሩ ውጭ ስደርስ፣ እንደ ልጅነቴ፣ የሚሰበር ነገር ድምፅ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም። ብር ነዋ፤ አይሰበርላቸውም።